ከብረት ልብሱ ውስጥ የነበረችው

እኔ፣ የሰመጡ መርከቦችን ዕቃ ሳወጣ ኖሬ ጡረታ የወጣሁት፣ ሰው «ጥልቁ» የሚለኝ ጠላቂ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሦስት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አጽፌአለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ፋርማሲስቱ ነው፤ እንዳያሳምርልኝ ለምኜዋለሁ።

አንደኛ፤ ቤቱ ከነጓሮው የባለቤቴ ነው። እሷ በሕይወት ሳለች «ይሸጥ» ብሎ አፉን የሚከፍት ልጅ እንዳይኖር።

ሁለተኛ፤ አሮጌው የመጥለቂያ ደወል ለአስተማሪው ልጄ ይሁን፤ ተማሪዎቹን ያሳይበት። ብርጭቆ ደፍተው ውሃ ውስጥ ቢነክሩት አየሩ ውስጡ ይቀራል፤ የጥንት ጠላቂዎችም ደወሉ ውስጥ በቀረችው አየር ነበር የሚሠሩት። ኋላ የጎማ ልብስ መጣ፤ ጠለቅ ባሉ ቁጥር ግን ውሃው ደረትን ይጨፈልቃል። የብረቱ ልብስ ያንን ጭነት ራሱ እንዲሸከም ተሠራ። ችግሩ ሁልጊዜ መገጣጠሚያው ነው፤ ወይ ያፈሳል፣ ወይ አልታጠፍ ይላል።

ሦስተኛ፤ የብረት ልብሱ ለበያጇ ልጄ። ዶሮዎቹን ከውስጡ አስወጥታ ክርኑን ትጠግነው። ጉዴ የጀመረው በዚያ ክርን ነው። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት፣ ዘጠና ሜትር ታች፣ ሁለቱም ክርኖች ደርቀውብኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ተገትሬ ቀረሁ።

አራተኛ፤ ሜዳሊያው። እዚህ ላይ ባለቤቴ «ተው እንጂ፣ አሁን ምን ያደርጋል?» ብላለች፤ ይጻፍ። አልተውም! እውነቱን ሳልናገር ብሞት አፈሩም አይቀለኝ።

ክርኖቹ በደረቁብኝ በሳምንቱ ከሰመጠ መርከብ የፖስታ ሳጥን እንዳወጣ ታዘዝኩ። ልብሱ ውስጥ ዳግመኛ አልገባም አልኩ። ባለቤቴ መገጣጠሚያዎቹን ቅባት የምትቀባ ሠራተኛ ነበረች፤ መጋዘኑ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። «ዞር በል» ብላኝ ልብሱ ውስጥ ገባች። ብሎኖቹን ከውጭ አጥብቄ አሮጌው ደወል ሥር ተደበቅኩ። አለቃችን ከላይ በልብሱ ስልክ ሲጠይቅ እሷ ብረቱን ታንኳኳ ነበር፤ አንዴ «አዎ»፣ ሁለቴ «አይ»። «ሰውየው ዛሬ ወሬ ቆጥቧል» ተባለ። ሳጥኑ ወጣ፤ ልብሱ ወደ መጋዘን ተመለሰ፤ ጭብጨባውን ልቀበል እኔ ወጣሁ። ሜዳሊያውም «ጥልቁ» የሚለው ስምም ለእኔ ሆነ።

በየግብዣው ያን ቀን ሳወራ እሷ ከጎኔ ሆና «አሸዋው እኮ ነጭ አይደለም፣ ግራጫ ነበር» እያለች ታርመኝ ነበር።

ይህን ስል የክሬን ኦፕሬተር የነበረው ምስክር ሳቁ አመለጠው። «እኔስ ያኔ አውቄዋለሁ፤ የክሬኑ ሚዛን አሥራ ስምንት ኪሎ ጎድሎብኝ ነበር!»

አንተ ሰው፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ?

«እሷ ዝም ካለች እኔ ምን አገባኝ?»

እፎይ! ድንጋይ ነው ከላዬ የወረደው። ሜዳሊያው የእሷ ነው። ልጆቼ፣ ለጠየቃችሁ ሁሉ «ያን ቀን የጠለቀችው እናታችን ናት» በሉ።

ከመፈረሜ በፊት ዕድሜ ልኬን የፈራሁትን ጠየቅኳት። «ታች ሳለሽ ፈርተሽ ነበር?»

«ታችስ ሥራ ነበረብኝ። የፈራሁት ስወጣ ነው። ብሎኑ የሚፈታው ከውጭ ብቻ ነው፤ ከደወሉ ሥር አልወጣም ብትልስ ብዬ።»

ወጥቻለሁ። ከፍቼላታለሁ። ይህችን ብቻ ለእኔ ተዉልኝ።

ተናዛዡ፦ ፈርሟል።
ምስክሮች፦ የክሬን ኦፕሬተሩ፣ ፋርማሲስቱ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፤ ፈርመዋል።

ሜዳሊያውን ተረክቤአለሁ። አሸዋው ግራጫ ነበር።
ጠላቂዋ፦ ፈርማለች።