ሳይጠይቁ መልስ የማይጽፉት የሲስተር እስቲ የሕይወት ታሪክ

የሰውን ትንፋሽ ከበር ላይ ሰምተው ሕመሙን የሚለዩ ባለሙያ፣ የገዛ ልባቸውን ሕመም ከወለዷቸው እናት ለምን ደበቁ? ይህን ታሪክ የጻፉት እናታቸው በዚህ ጥያቄ ሲብሰለሰሉ ሰንብተዋል፤ መልሱን ግን አላገኙትም።

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ሲስተር እስቲ» እየተባሉ የሚጠሩት ነርስና መምህርት፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ያለ ጊዜያቸው ስለ መጡ እናታቸው በጥጥ ጠቅልለው፣ ትንፋሻቸውን በጉንጫቸው እያዳመጡ አሳደጓቸው። የእናት ስጋት ያን ጊዜ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ሲስተር ገና ተማሪ ሳሉ አባታቸው ጣሪያ ሲያለብሱ ውለው ደረታቸውን ይዘው ከመሰላሉ ሥር ተቀመጡ፤ በዚያው አልተነሡም። የመጨረሻ ቃላቸው «ድካም ነው» የሚል ነበር።

ሲስተር ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በነርስነት ተመረቁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠየቁት ሳይመለስላቸው እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ እናታቸውን «አሁንስ ጆሮዬን በላሽው!» የሚያሰኙ ነበሩ። በገጠር ጤና ጣቢያ ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ የጥናትና ምርምር ዘዴ ተምረው ተመለሱ። ከተማ ውስጥ ቢሮ ቢሰጣቸውም «ሕመምተኛው ያለው እዚያ፤ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብለው እንደገና ወደ ገጠር ወረዱ። የጤና ባለሙያዎቹ የአካባቢያቸውን ችግር ራሳቸው እንዲያጠኑ ማስተማርም የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ።

በመጀመሪያው ጥናት፣ እናቶች ለምን ጤና ጣቢያ መጥተው እንደማይወልዱ እንዲጠይቁ ባለሙያዎቹን በየቤቱ ላኳቸው። እነርሱም መጠይቁን ሁሉ ሞልተው በዚያው ዕለት ከተፍ አሉ። የሁሉም መልስ «መንገዱ ሩቅ ነው» ይላል። ሲስተር «ይኼን ሁሉ ቤት እንዴት አዳረሳችሁት?» ቢሏቸው፣ አንጋፋዋ አዋላጅ «ኧረ ሲስተር! እነዚህን ሴቶች እኮ ጓዳቸውን ሳይቀር እናውቀዋለን፤ ደግሞ ምን ብለን እንጠይቃቸው?» አሉ። ለካ ጎረቤቶቻቸውን ከማወቃቸው ብዛት፣ መልሱን ራሳቸው መልሰውላቸው ኖሯል። ሲስተር አልተቆጡም። ወረቀቱን ሰብስበው ወደ ጎን አደረጉና «ይኼ የእናንተ መልስ ነው፤ አሁን እስቲ ሄዳችሁ እነሱን ጠይቋቸው» አሉ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያን ዕለት ነው።

ባለሙያዎቹ እያጉረመረሙ ወደየቤቱ ተመለሱ። አንዲት ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር የምትኖር እናት ግን «የምን መንገድ ነው? መስኮታችሁ መጋረጃ የለው! የባሌ ወንድም ከመስኮቱ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ እያየኝ? ሞቼ ነው እዚያ የምወልደው!» አለቻቸው። ሌሎቹም ይህንኑ ደገሙት። አዋላጇ በዚያ ክፍል ስንት ልጅ ሲያዋልዱ መስኮቱን ከውጭ በኩል ቆመው አይተውት አያውቁም። ሲስተርም «እኔም በሆዴ መንገዱ ነው ብዬ ነበር» ብለው ሳቁ። መስታወቱ ነጭ ቀለም ተቀባ፤ አግዳሚው ወደ ጓሮ ተወሰደ፤ ወላዶችም አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ።

ሲስተር እስቲ በዚሁ ሥራ ከተዋወቋቸው ሾፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ልጃቸውም የእናቷን እግር ተከትላ ነርስ ሆናለች።

ካለፈው የዝናብ ወቅት ወዲህ ሲስተር ዳገት ላይ ቆም ቆም ማለት፣ ሲተኙም ትራስ መደራረብ አመጡ። እናታቸው «ምን ሆነሽብኝ ነው፣ የኔ ልጅ?» ሲሏቸው «ድካም ነው፣ እማዬ» ይሉ ነበር። እናት ይህን ቃል ያውቁታል፤ ነገር ግን ከነርስ ጋር ማን ተከራክሮ ይረታል? ለሥልጠና በሄዱበት ወድቀው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ልባቸው ከልክ በላይ መስፋቱ ታወቀ። ሐኪሙም ሕመሙ በዘር የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል ገልጸው፣ ልጃቸው ሳትውል ሳታድር እንድትመረመር አጥብቀው አሳሰቡ። ሲስተር እስቲ ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በኀምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እናታቸውን ላለማስጨነቅ ነው የደበቁት የሚሉ አሉ። ሲስተር ግን ባልተጠየቀ ሰው ስም መልስ አይጻፍ ሲሉ ኖረዋልና፣ የመልሱ ቦታ ባዶውን ይቀመጥ።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውንና አንዲት ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። በየዳገቱ የደከሙት እግሮቻቸው ይረፉ፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ይቀበልልን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ስሕተት እንዳይኖርበት ትናንት ለቤተሰቡ ተነበበ። የሲስተር ልጅ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ መደገፍ እንደ ጀመረች አያቷ አይተዋል። ንባቡ ሲያበቃ «አንቺስ? ትንፋሽሽስ?» አሏት። «ድካም ነው፣ እማማ። በለቅሶ ቤት የማይደክም ማን አለ?» አለች። አያቷም እጇን ይዘው «ይኼ የወንድ አያትሽ መልስ ነው፤ የእናትሽም መልስ ነው። እስቲ ያንቺን ንገሪኝ» አሏት።

ልጅቱ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች፣ ሹራቧን ደረበች፣ ወደ ሰፈሩ ሆስፒታል በሚያቋርጠው የጓሮ በር ወጣች።