ሰማያዊ ኪኒን በጋቢ ሥር

መስከረም 8፣ ጠዋት 3 ሰ.

ፍየሎቹን አወጣሁ። ገዢ የለም። መንገዱ ዝግ፣ ባንኩ ዝግ፣ ስልኩ ሙት። ታጣቂዎቹ ትናንት ሁለት ወጠጤ ነድተው ሄዱ። ዝም አልኩ። ዝም ስላልኩ ነው ደብተሬ፣ ዛሬም የምጽፍብሽ።

መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ከቆመ ወዲህ ከተማችን መርሳ ጭር ብላለች። የእህቴ የዘይነብ ልብ ከጓዳ ድረስ ይሰማኛል። ቀጭ፣ ቀጭ። አዲስ አበባ ላይ ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው የተበላሸውን የልቧን በር አወጡ፤ በቦታው ብረት አስገቡ። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች። ሮዝ ነው፣ ግማሽ ግማሽ እየከፈለች። ሊያልቅ ነው። ጤና ጣቢያው ተዘርፏል፤ አልጋ እንኳ አልተረፈም።

መስከረም 11፣ ከሰዓት

የጤና መኮንኑ ሰዒድ መጣ። ጎረቤታችን ነው። ሥራ የለውም፣ መድኃኒት የለውም፣ ወሬ ግን አለው። ኪኒኑ ካለቀ ምን ይመጣል አልኩት። ደሙ ይረጋል፤ ወይ በሩን ያንቀዋል፣ ወይ ጭንቅላት ይወጣል አለ። እሷ ፊት! አፉን አይጠብቅም።

ዘይነብ ግን ሳቀች። ከእሷ በፊት እንዲህ የተደረገ ማን ነው ብላ ጠየቀችው። ትምህርት ቤት የሰማውን አወራ። ፈረንጆቹ ሙሉ ልብ ከላስቲክና ከብረት ሠርተው መጀመሪያ ጥጃ ላይ ሞከሩት። ብዙ ጥጃ አለቀ። ቀጥሎ ሰው። አንዱ የሰው ልብ እስኪገኝለት በማሽኑ ቆየ፤ ልቡ ተገኝቶ ተገጠመለት፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሌላው ለዘለቄታው ተብሎ ተገጠመለት። በጎማ ቱቦ ከትልቅ የአየር መጭመቂያ ጋር ታስሮ ወራት ኖረ። ልቡ አልቆመም፤ ሌላው አካሉ ነው የከዳው። ሲበቃው ማሽኑን ራሱ እንዲያጠፋው ቁልፍ ሰጥተውት ነበር አሉ።

የጥጃዎቹ ሥጋ ተበላ ወይ አልኩ። ሰዒድ አፈጠጠብኝ።

“ጋሼ ጥጃ ሲባል ዋጋው ነው የሚታየው” አለች ዘይነብ። “እኔስ ስንት አወጣለሁ?”

“ከነብረትሽ?”

ሳቅን። ነገር ግን ቁልፉ በልቧ ቀርቷል። ሰውየው ተጠቀመበት ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀች። አልተጠቀመም አላት።

መስከረም 19

ሲሪንቃ ደርሼ መጣሁ፣ በእግር። ጋሽ እንድሪስ እዚያ ናቸው። ከእርሳቸው ብዙ በሬ ገዝቻለሁ። እንደ ዘይነብ የብረት በር አላቸው፤ የነገረኝ ሰዒድ ነው። መንገዱ ሳይዘጋ ደሴ ሄደው የብዙ ወር ኪኒን አምጥተዋል። የልጃቸው የከማል ልጆች ደግሞ ተርበዋል። እኔ በቆሎ አለኝ፣ የተቀበረ።

ከማልን ለብቻው አናገርኩት፤ የአባቱን ኪኒን በበቆሎዬ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ልጆቹን አየ።

ለዋጋው ደጅ ወጣን። ሽማግሌው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኛ ከብት ነጋዴዎች ዋጋ በአፍ አንጠራም፤ ጋቢ ጣል አድርገን በሥሩ ጣት እንጨባበጣለን፤ የተጨበጠው ጣት ብዛት ዋጋው ነው። የቆመው ሁሉ ያያል፣ ዋጋውን የሚያውቅ የለም። ከማል እጁን አስገባ። ጨበጠኝ፣ ቀነስኩ፣ ጨመረ። ቶሎ ቶሎ ይጨብጣል። መቸኮሉን ሳውቅ የበለጠ ቀነስኩ።

ጋሽ እንድሪስ በሬያቸውን የምንሻሻጥ መስሏቸዋል። “አታክርር አንተ፣ ክፉ ጊዜ ነው” አሉት ልጃቸውን። “ይሄ ኑሩ የኛው ሰው ነው፣ ልቀቅለት።”

ለቀቀልኝ።

“አላህ በረካ ያድርግላችሁ” አሉ። ከጋቢያቸው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አሚን አልኩ።

መስከረም 20

ኪኒኑ ሰማያዊ ነው። ስንት እንደምትውጥ ሰዒድ አሰላላት። ከየት እንደመጣ አልጠየቀኝም፤ ብልህ ሰው ነው። ዘይነብ ቀለሙ ለምን ተለወጠ አለች። በአፋር በረሃ በግመል የገባ ነው፣ ፋብሪካው ሌላ ነው አልኳት። ዋጠች። ከማል አባቱን ምን እንደሚላቸው አላውቅም። የሱ ጣጣ ነው።

ጥቅምት 7፣ ማታ 12 ሰ.

ጋሽ እንድሪስ ወድቀዋል። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸው ተይዟል። ዘይነብ ሳልጠይቃቸው አልቀርም አለች። ሕመምተኛ ጥየቃ የማይሄድ የለም፣ በምን ላስቀራት? አህያ ላይ አውጥቼ ወሰድኳት።

ጠያቂው ሞልቷል፣ የሚናገር የለም። ሁለት ብረት ይሰማል፣ የእሷና የእርሳቸው። አይገጥሙም። የከማል ሚስት ምንም አታውቅም። ሰማያዊው ኪኒናቸው ከነጣሳው ጠፋ፣ ከማል ወታደር ወሰደው ይለኛል፣ ወታደር ኪኒን ምን ያደርግለታል እያለች ታለቅሳለች። ከማል መሬት መሬት ያያል። ዘይነብ እኔን አየችኝ።

ልነሳ ስል ሽማግሌው ደህናውን እጃቸውን ጋቢዬ ሥር ሰደዱ። አንድ ጣቴን ጨበጡ። በስንት ነው ማለታቸው ይሆናል። ወይም የበሽታ ነገር ነው። ቀስ ብዬ አስለቀቅኩ።

ቤት ስንገባ ኪኒኑን አውጥታ ቀለሙን አየች።

ጥቅምት 8፣ ረፋድ

ዘይነብ ኪኒኑን ፊቴ አስቀመጠች። መልስላቸው አለች። አንቺስ አልኳት።

“ለዚያ ሰውዬ እንኳ ቁልፉን ሰጥተውታል፣ ጋሼ። የኔን ስጠኝ።”

ሰዒድን ጠየቅኩት። ለሽማግሌው አሁን ሊጠቅማቸውም፣ ደም አፍስሶ ሊገድላቸውም ይችላል አለ። ሁለተኛውን ያዝኩ። የሚመቸኝ እሱ ነው።

ኪኒኑን ይዤ ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ትንሽ ተቀምጬ ተመለስኩ። በመንገድ ላገኘሁት የሲሪንቃ ሰው ሰጠሁት፣ ያደርስላቸዋል አልኳት። እጄን ሳመች።

አንዱን ኪኒን ከኪሴ አውጥቼ በማንኪያ ጀርባ ፈጨሁት። አጥሚት ውስጥ ማር ሲገባበት ቀለሙ አይታይም፤ ቀምሻለሁ፣ አይመርም። ከነገ ጀምሮ አጥሚቷን የማቀርብላት እኔ ነኝ። የዚያ ሰውዬ ቁልፍ የሰጪዎቹ ነበር፣ ሰጡት። ይሄ የኔ ነው፣ ገዝቼዋለሁ። አልሰጥም።

እየመጣች ነው። ከእርምጃዋ በፊት ብረቷ ይሰማኛል። ማንኪያውን ልደብቅ