ስለ ተነቀለው ኬብል፣ ለመረጃ ማዕከሉ ኃላፊ

ለተከበሩ የመረጃ ማዕከላችን ዋና ኃላፊ፣

እርስዎ የነቀሉትን ኬብል እኔ እንደነቀልኩት አድርገው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈውብኛል። ይህን ካልኩ በኋላ እንደ ወጉ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይ ቀኝ እጅዎ ደኅና እንዲሰነብት እመኛለሁ፤ ምን እንደሠራ ሁለታችንም እናውቃለንና።

እኔ የኬብል ሠራተኛ ነኝ። ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ሽቦ እየገፈፍኩ፣ ሰው የጣለውን መመሪያ እያነበብኩ በሃያ ስድስት ዓመት የተማርኩት ነው። ስለዚህ እንዲያርሙኝ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ኬብሎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥን፣ ፈጣኑ አዲስ ስዊች፣ የመጣ ሰሞን፣ በትልቁ ማሽን ውስጥ ለሚሠሩት አሥራ አራት ሰርቨሮች ሁለት ሁለት ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ ያለ የመገናኛ በር፣ እንዲሰጣቸው በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። በሥዕልዎ ላይ አንዱ መስመር አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ ነበር፤ ያምራል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለውን ተረት ያሰቡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ምናባዊ ካርድ ምናባዊ ነው፤ ሃያ ስምንቱም ካርዶች ወደ ስዊቹ የሚወጡት በእጅ በሚዳሰስ በአንድ ኬብል ነበር።

፪. ሁለተኛ ኬብል ወደ አሮጌው ስዊች ዘርግቼ፣ ማንም እንዳይነካው እንደ ልማዴ ቢጫ ጨርቅ አስሬበት ነበር። ጨርቁ ማዕከሉን ሊጎበኙ የሚመጡትን እንግዶች ዓይን ያስቀይማል ብለው ኬብሉን ከነጨርቁ አስነቀሉት። በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ብለምንዎ፣ «አባባ፣ ዘመኑ አልፎብዎታል፤ ምናባዊ ነገር አይበጠስም» ብለው ሰው አሳቁብኝ።

፫. እንግዶቹ የመጡ ቀን የቀረችውን አንዷን ኬብል በሁለት ጣት ይዘው፣ ሁሉን የምትሸከመው ይህች ክር ናት እያሉ ሳብ አደረጓት። ጫፏን የምትቆልፈው ቀጭን ምላስ ተሰብራ ኬብሏ ተነቀለች፤ አረንጓዴውም ሰማያዊውም አብረው ጠፉ። ታች አዳራሽ ለአገልግሎት የተሰለፈው ሕዝብ ሦስት ሰዓት ቆመ። ምናባዊው ነገር በእርግጥ አልተበጠሰም፤ ስለዚህ ትንቢትዎን አደንቃለሁ።

፬. አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚመታ ሰው ሞልቷል፤ የራሱን እጅ ፈርቶ የሽማግሌ ስም የሚመታ ግን ከእርስዎ ሌላ አላየሁም። «በአረጋዊው ሠራተኛ ግድየለሽነት» የሚለውን ማስታወቂያ እዚሁ የምትሠራው ልጄ ከባልደረቦቿ ጋር ቆማ አነበበችው። ያን ቀን ሕዝቡን ታች መስኮት ላይ ተቀምጣ ይቅርታ ስትለምን የዋለችው እሷ ናት። ቤት ገብታ «አባዬ፣ እውነት አንተ ነህ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበርና ስላስጠየቁኝ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። መልሷ ይህ ደብዳቤ ነው።

ጥፋቴን አምኜ ወደ ታገድኩበት ሥራዬ እንድመለስ የላኩልኝን የይቅርታ ፎርም ሳልፈርም መልሻለሁ። ጀርባው ንጹሕ ነውና ለሚቀጥለው ሥዕልዎ ያገለግላል።

ለማይበጠሱት አለቃዬ ከሚገባቸው በላይ አክብሮት የሰጠሁ፣
ዘመኑ ያለፈበት የኬብል ሠራተኛ

ተጨማሪ፦ የክፍሉን ቁልፍ ከማስረከቤ በፊት ሁለተኛውን ኬብል ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ቢጫ ጨርቅ የታሰረበት ነው። እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያውን እንደ ልብዎ ይጎትቱ፤ ሥራው አይቆምም፣ የሚያሳብቡበት ሰውም አያስፈልግዎትም። እኔ ግን ስለዚህ ጉዳይ ለእርስዎም፣ ለልጄም፣ ለማንም ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም።