ከራውንድ በፊት የተዘረጋ እጅ

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኔሪ ዳር ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ
ጂንካ

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ ካርድ ላይ የሰፈረው እንዲታረምና በሚቀጥለው ቀዶ ጥገና ሕመሟ በእኔ ቃል እንዳይመዘን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ወ/ሮ መሰረት አበራ ከሐምሌ 3 እስከ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በክፍልዎ በተኛችበት ጊዜ፣ በየጠዋቱ የሐኪሞች ጉብኝት (ራውንድ) “ተረጋግታለች፤ ሕመም አይታይባትም” ተብሎ ተጽፏል። ሕመም ነበረባት። እንዳይታይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

1. ባለቤቴ አንጀቷ ተበስቶ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ፣ በአፏ ቱቦ ገብቶላት በማሽን ትተነፍስ ስለነበር መናገር አትችልም ነበር። ለአስታማሚ የተፈቀደው ሰዓት ከራውንዱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነበር።

2. ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዘጠኙን ዓመት ሃና በምትባል የገጠር ከተማ ርእሰ መምህር ነበርኩ። እዚያ መኪና ብርቅ ስለነበር የሱፐርቫይዘሩን መምጣት ከአቧራው እናውቅ ነበር። አቧራው ሲታይ ሰሌዳ አስጠርጋለሁ፣ ተማሪ ቀጥ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ የሚያለቅስ ካለ ፊቱን አስታጥባለሁ። ሐኪሞቹ ከመግባታቸው በፊት በባለቤቴ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እንባዋን በሶፍት እጠርግ ነበር። የተቋጠረ ግንባሯን በአውራ ጣቴ አለሰልሳለሁ። የጨበጠችውን እጅ ጣት በጣት ፈትቼ አንሶላው ላይ እዘረጋዋለሁ። “መሲ፣ ቀጥ በይ፤ መጡ” እላታለሁ። አንድም ጠዋት አላጓደልኩም።

3. ሐምሌ 5 ቀን ሲስተር ሳምሪ “ጋሼ፣ እርስዎ ያውቋታል፤ የሚያማት ይመስልዎታል?” ብላ ጠይቃኛለች። “የእኔ ሚስት ሦስት ልጅ ስትወልድ ጎረቤት አልሰማም” ብዬ መለስኩላት። በኩራት ነበር የተናገርኩት። ልጅቷ ጠይቃለች፤ ጥፋቱን ወደ እሷ እንዳያዞሩት አደራ እላለሁ።

4. በደብተር ማስታወሻ እይዝ ነበር። ጎኗን ሲያገላብጧትና አክታዋን ሲመጥጡላት የልብ ምቷ ከ94 ወደ 132 እንደወጣ በእጄ ጽፌአለሁ። አጠገቡ “ድምፄን አወቀች” የሚል ጨምሬበታለሁ። ቅጂው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ያቺን መስመር ልሰርዛት አስቤ ነበር፤ አልሰረዝኳትም።

5. ቱቦው ወጥቶ ድምጿ ሲመለስ እንዲህ አለችኝ፦ “የሃዊ አባት፣ ጭብጤን ስትፈታው አፌን የዘጋኸኝ መሰለኝ። ሌላ የምናገርበት አልነበረኝም።” ቀጥላም፣ “ታዲያ ሱፐርቫይዘሮቹ ከመቶ ስንት ሰጡህ?” አለችኝ። ልጃችን ሃዊ ሳቀች። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ።

6. ጥቅምት 26 ቀን አንጀቷን መልሶ ለማገናኘት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል፤ ከዚያም ወደ ክፍልዎ እንደምትገባ ተነግሮናል። እሷ ግን “እንደዚያኛው ከሆነ ቤቴ ልሙት” ብላለች። እንድታምነኝ ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

ስለዚህ ይህ ቃሌ ከካርዷ ጋር እንዲያያዝ፣ ባለሙያዎቹም ፊቷን፣ እጇንና ከማሽኑ ጋር መታገሏን ማንም ሳይነካካት ቀድመው እንዲያዩ፣ ከማገላበጣቸው በፊት የሕመም ማስታገሻ እንዲታሰብላት፣ “ደኅና ናት” የሚል ቤተሰብም ቢኖር ቃሉ ብቻ እንዳይበቃ አመለክታለሁ። እኔ ከራውንዱ በኋላ ብቻ እንድገባ ይደረግ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የራሷ የባለቤቴ ጥያቄ ነው። ስጽፈው ከብዶኛል፤ ግን ልክ ናት።

ማኅተም ያለበት ወረቀት በዓይኗ ካላየች ከቤት እንደማትወጣ ነግራኛለች። ቀኑ ቀርቧልና እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በጽሑፍ እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ። መልሱን በእኔ ስም ሳይሆን በእሷ ስም ይጻፉልን።

ከይቅርታና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዘሩባቤል ሶርሳ
(ፊርማ)
ጡረተኛ መምህር፣ ጂንካ