ሠላሳ ስድስት ጥርስና አንድ ዱባ

ሰኞ

ወረደ። ሠላሳ ስድስቱም ጥርስ ላይ ያዞርኩት ክር ባንድ ጊዜ ተንሸራቶ ጭኔ ላይ ተከመረ። አንድ ሰዓት ሙሉ የለፋሁበት ነው። ክቡን አንስቼ ግድግዳው ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። የሰው ዕቃ ባይሆን እወረውረው ነበር።

የአከራያችን የአዴ ጫልቱ ነው። ልጃቸው ከዓረብ አገር ስትመለስ ያመጣችላቸው ክብ ፕላስቲክ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ጣት የቆሙ ጥርሶች አሉት። ክር ይጠመጠምበትና ኮፍያ ይወጣዋል ይላሉ። ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ስንቆራጠጥ አይተውኝ መጡና ክቡን፣ ቀይ የሹራብ ክርና አንዲት መንጠቆ ሰጡኝ። «ታኢ፣ ኢንተላ ኮ!» አሉኝ። ኦሮምኛ አልችልም፤ ታኢ ተቀመጪ፣ ኢንተላ ኮ ደግሞ ልጄ ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እግሬን ካመመኝ ወዲህ በቀን አሥር ጊዜ የሚሉኝ እሱን ነው።

የግራ ቅልጥሜ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ትንሽ። ከጎጃም ሱሉልታ የመጣሁት ልሮጥ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን በረንዳ ጠባቂ ሆኛለሁ። ቅዳሜ ሐኪሙ እንደገና ያየኛል። አሠልጣኛችን ደግሞ እቅጩን ነግሮኛል፦ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አንዲት እርምጃ ብሮጥ ከቡድኑ እወጣለሁ። ከቡድኑ ከወጣሁ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ነው። ይሄ እንዳይሆን እስከ ቅዳሜ መቀመጥ አለብኝ፤ መቀመጥ ብቻ። እንዴት ነው ሰው የሚቀመጠው?

ማክሰኞ

እንደገና ወረደ። ሦስቴ።

አዴ ጫልቱ ሲሠሩ ቀላል ነው። ጥርሶቹ ላይ ክሩን ሁለት ዙር ያዞራሉ፣ ከዚያ በመንጠቆዋ የታችኛውን እያነሱ በላይኛው አሳልፈው ይለቃሉ። በቃ። ዙር ሲሉ ደግሞ ጆሮዬ ይቆማል። እኔ የማውቀው ዙር ሜዳ ላይ ያለው ነው፤ እሱ ቢያንስ ስጨርሰው ጭኔ ላይ አይወርድም።

ያልገቡኝ ነገሮች፦

ክሩን ሳጠብቀው መንጠቆዋ አትገባም። ሳላላው ይወርዳል። መሃሉ የቱ ጋ ነው?

የእሳቸው ክር ለምን ጥርሱን ይይዛል? የኔስ ለምን ፊት ለፊቱ ተጋድሞ ብቻ ይቀራል?

ከሁሉም በላይ ደግሞ ዱባ። ክሩን ሳዞር ከአጠገቤ ቁጭ ብለው «ዱባ! ወደ ዱባ!» ይሉኛል፣ በአገጫቸው ወደ ኋላ እየጠቆሙ። ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላችን ያለው ማድ ቤቱ ነው። ኮፍያ እየሠራን የምን ዱባ ነው? «እሺ አዴ» አልኳቸው። አዛውንት ስለሆኑ ደጋግሜ መጠየቅ አፈርኩ። ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም፤ ዱባ ወጥ አምሯቸው ይሆናል። ላስተማሩኝ አንድ ዱባ ልነፍጋቸው ነው እንዴ? ትዕግስት ከልምምድ ስትመለስ አንድ ዱባ እንድትገዛ ነገርኳት። ትዕግስት አብራኝ የምትኖር ሯጭ ናት።

ረቡዕ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ዱባውን ታቅፌ አዴ ጫልቱ ፊት ቆምኩ። ይህን የሚያህል ዱባ! «ምንድነው ይሄ?» አሉኝ። «ትናንት ያሉኝ ነዋ» አልኩ። ዱባውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ክቡን አዩ። ከዚያ ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ለጎረቤታቸው በአጥር ላይ በኦሮምኛ ነገሯት፤ እሷም ሳቀች። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ እኔም ሳቅኩ።

ለካ በኦሮምኛ ዱባ ማለት ኋላ ነው። ኋላ! ክሩን ከጥርሱ ኋላ አዙሪው ሲሉኝ ነው የከረሙት። እኔ በፊት በፊቱ እየጎተትኩ፣ ምኑን ይያዝ?

ከጥርሱ ኋላ አዞርኩት፤ ያዘ። እውነቴን ነው፣ ያዘ! አራት ዙር ሠራሁ። በታች በኩል ሹራብ የሚመስል ነገር ብቅ ብሏል። ዱባውም አልተረፈም፣ በምሳ ሰዓት ወጥ ሆኗል።

ማታ ግን ትዕግስት ነገር ይዛ መጣች። አሠልጣኙ ከአርሲ አዲስ ልጅ አምጥቷል። «አንቺ ቦታ ላይ ነው የምትሮጠው» አለችኝ፣ ካልሲዋን እያወለቀች፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። «ጎበዝ ናት እንዴ?» ስላት፣ «አይ፣ ደህና ናት» አለች። ትዕግስት ደህና ናት ካለች በጣም ጎበዝ ናት ማለት ነው።

ሐሙስ

ሮጥኩ።

ለማንም ስለማልናገር እዚህ ልጻፈው። ትዕግስት በቡድኑ መኪና ከሄደች በኋላ ጫማዬን አደረግኩ። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ባለው የእርሻ መንገድ፣ ቀስ ብዬ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ልቤ ልትፈነዳ ነበር፤ ከዚያ ቅልጥሜ ላይ ያ የማውቀው ነገር ወጋኝ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ተራምጄ ተመለስኩ፣ ማንከሴ እንዳይታወቅብኝ ጥርሴን ነክሼ።

አዴ ጫልቱ ግቢ እየጠረጉ ነበር። «አከም ቡልቴ» አሉኝ። እንደዚያ ነው ደህና አደርሽ የሚባለው። ከዚያ ጫማዬን አዩ። ቀይ ጭቃ ነበረበት። መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ እንደ እብድ ሠራሁ። ሃያ ዙር! አንዱን ጥርስ ዘለልኩት መሰለኝ፣ አሥራ ሰባተኛው ዙር አካባቢ። አየሁት፣ ግን አለፍኩት። ከላይ ሲሠራበት ይሸፈናል ብዬ።

ዓርብ

አልተሸፈነም። የዘለልኩት ቀለበት በሌሊት አምልጦ ሦስት ዙር ያህል ወደ ታች ተተርትሯል። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ።

አዴ ጫልቱ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከዚያ ክሩን መሳብ ጀመሩ። አንድ ዙር፣ አምስት ዙር፣ አሥር። «ኧረ አዴ፣ በፈጠረዎት! ነገ ቅዳሜ ነው፣ ልጨርሰው ነበር!» አልኩ። እጃቸውን ይዣቸው ነበር እኮ፣ ትልቅ ሰው።

«ሱታ» አሉኝ። ቀስ በይ ማለት ነው። ደግሞ በአማርኛ ጨመሩበት፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀዳዳው ያለው ትናንት ላይ ነው። ዛሬ ከላይ ብትደርቢበት ምን ይጠቅምሻል? እስከዚያ ድረስ ወደ ዱባ ትመለሻለሽ።»

ስለ ኮፍያው ይሁን ስለ እግሬ አልገባኝም። መጠየቅም ፈራሁ። ገብቼ አለቀስኩ።

ነገ ለሐኪሙ ልንገረው? ካልነገርኩት ሊፈቅድልኝ ይችላል። ከፈቀደልኝ ሰኞ እሮጣለሁ፣ ከሮጥኩ ደግሞ ምናልባት ይሰበራል። ከነገርኩት አሠልጣኙ ይሰማል። ከሰማ አለቀልኝ። እንዲህ እያሰብኩ ስምንት ዙር መልሼ ሠራሁ፣ አንድም ጥርስ ሳልዘል። ምን እንደማደርግ ግን አሁንም አላውቅም።

ቅዳሜ

ነገርኩት።

በሚኒባሱ እንጦጦን እስክንወርድ ድረስ አልነግረውም ብዬ ነበር። ሐኪሙ እግሬን ጫን አድርጎ «ዕረፍት አደረግሽ?» ሲለኝ ግን ያ ቀዳዳ ትዝ አለኝና «ሐሙስ ሮጫለሁ» የሚል ድምፅ ከአፌ ወጣ። እንደገና ራጅ አስነሳኝ። አልባሰበትም፣ ግን አልዳነም። ሁለት ሳምንት ጨመረልኝ።

ከበሩ ሳልወጣ ለአሠልጣኙ ደወልኩለት። ከሌላ ሰው ከሚሰማ እኔው ልንገረው ብዬ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ «ሐኪሙ ነው የደረሰብሽ ወይስ ራስሽ ነገርሽው?» አለኝ። «ራሴ» አልኩት። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ። ድሮ ቦታሽ ላይ አይደለም፣ ከሁሉም ኋላ፣ ከጀማሪዎቹ ጋር ነው የምትጀምሪው። አንድ ጊዜ ደግመሽ ብታደርጊው ግን አላውቅሽም» አለና ዘጋው።

ከሁሉም ኋላ። ባለፈው ወር እንዲህ ቢለኝ ሻንጣዬን ራሴ እይዝ ነበር። ዛሬ ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ እያልኩ ሱሉልታ ደረስኩ።

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር፣ ክቡን በእጃቸው ይዘው።

«ምን አሉሽ?»

«ወደ ዱባ» አልኳቸው።

አልሳቁም። ጉንጬን ሳሙኝና «ታኢ» አሉኝ፤ እኔም ሳይደግሙልኝ ተቀመጥኩ።