ሰዓዳ የምትፈርምበት መስመር

ጥቅምት 28፣ ጠዋት። አዋሽ

ለሹፌሮቹ ሻይ ጥጄ ተቀመጥኩ። ሰዓዳ ዛሬም እግሯን ይዛ ታለቅሳለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ። የደም ሕዋሷ እንደ ማጭድ እየጎበጠ ያሠቃያታል። እናቷን፣ ልጄን፣ የወሰደብኝም ይኸው ነው። ያኔ ወባ ነው አሉኝ፣ አመንኩ። ፊደል ያልቆጠረ ምን ይጠይቃል?

ደብተሬ፣ አሁን ስልክ ተደወለ! የሰመራዋ ዶ/ር ናት። የሰዓዳን መቅኒ ወስደው፣ በውስጡ የተሳሳተውን አርመው የሚመልሱበት ሕክምና አለ አለች። ውጭ አገር ይሸጣል። አንድ ኩባንያ ለዚሁ ሕክምና የኛን ሕመምተኞች ሊመዘግብ መጥቷል። ሻዩ ገንፍሏል፣ ይገንፍል!

ኅዳር 2። ሰመራ ሆስፒታል

የሰዓዳ አያት፣ የአባቷ አባት ሐመዱም ዱላውን ይዞ መጣ። የኩባንያው ሰው ወረቀትና ቀለም አቀረበልኝ። እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ አለኝ። መነጽሬን አወጣሁ። ያነባሉ እንዴ ብሎ ሳቀ። ዕድሜ ለማታ ት/ቤት፣ አንተ ሻይ ጠጣ አልኩት።

ቀስ ብዬ አነበብኩ። ሕዋሱ ከመመለሱ በፊት የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት መካን ሊያደርግ ይችላል ይላል። የደሟ መረጃ ለሌላ ገዢ ሊተላለፍ ይችላልም ይላል። በትንንሽ ፊደል!

ሐመዱ ሰውየውን ዳጉ ጠየቀው። አፋር ሲገናኝ ወሬ የሚለዋወጥበት ነው፤ ያዩትን ከሰሙት መቀላቀል ነውር ነው። ሰውየው ስለ ኩባንያው ማውራት ጀመረ።
«ያየኸውን ነው ያልኩህ» አለው ሐመዱ።
ሰውየው፦ «የዳነ ሰው አላየሁም አባባ። ሰምቻለሁ።»

ዶ/ሯ ግን ሕመሙ የተዋቸው አሉ አለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆኑ ማንም አላየም፣ ገና ነው። እዚህ መቼ እንደሚደርስም አይታወቅ። መናደድ ይገባኛል፣ ተናድጃለሁም። ግን ሕክምናው አለ! ልጄ ሳትሰማው የሞተችው ነገር አለ። አልሐምዱሊላህ።

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ሰዓዳ የወረቀቱን ነገር ሰምታ ኖሮ፣ ቁርስ ላይ፦ «እማዬ፣ ልውለድ አልውለድ እናንተ ናችሁ የምትፈርሙልኝ?»

እንጀራውን አስቀመጥኩ። በሷ ዕድሜ ሲድሩኝ ማንም አልጠየቀኝም።

ሆስፒታሉ ተመልሼ ሄድኩ። ስለ ገዢ የሚለውን መስመር ሰረዝኩት። ይመዝገቧት፣ ደሟ ግን አይሸጥም ብዬ ጻፍኩበት። ሰውየው የተሰረዘ አንቀበልም አለ። ዶ/ሯ ተቀበለው፣ ለአለቆችህ አሳይ አለችው። ወሰደው። ይመልሱት ይሆናል። ያኔም እሰርዘዋለሁ።

ለምዝገባው ፈርሜያለሁ፣ በስሜ፣ በጣት አይደለም። ለሕክምናው ግን አልፈረምኩም። ከስሜ ሥር አንድ ባዶ መስመር አሰመርኩ። ሕክምናው ሲመጣ ሰዓዳ ራሷ አንብባ ትፈርምበታለች።