አባባ የጨመረው ሁለት

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ? ያቺ ምላሰኛ ልጅህስ እንዴት ናት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባም አካሉ ጠንካራ ነው፤ መርሳቱ ነው እንጂ የባሰበት። ባለፈው ሳምንት አክስታችን ልትጠይቀው ብትመጣ ደንበኛ መስላው ልብስሽ አልደረሰም፣ ሐሙስ ነይ ብሎ ሸኛት። እሷም መቼም ታውቃታለህ፣ ሐሙስ ተመልሳ መጣች።

ስለ ኮምፒውተሩ ልንገርህ። ጠጋኙ የተቃጠለውን ቦርድ ቀይሮ ሲያበራው ሃርድ ዲስኩ የይለፍ ቃላችንን አልቀበልም፣ አርባ ስምንት አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥር አምጡ አለ። ያለዚያ ሁሉንም ከማጥፋት በቀር መላ የለውም አለኝ ጠጋኙ። የእማዬ ድምፅ የቀረልን እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። አባባ ደግሞ ፎቶዋን ሳሳየው ይህች ማን ናት ማለት ጀምሯል፤ ድምፅዋን እንኳ ሳይረሳ ላሰማው ብዬ ነበር ጥድፊያዬ። አንተም በስልክ ስጠይቅህ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ለአባባ ሰጥቼዋለሁ አልከኝ። ለልብስ ሰፊ የተሰጠ ወረቀት ይተርፋል ወይ የኔ ወንድም? የማን ሱሪ ንድፍ እንደሆነ እሱ ይወቅ!

ሦስት ቀን ቤቱን ገለበጥኩት። ኋላ ላይ፣ ወረቀት ይጠፋል ልክ ግን አይጠፋም የሚለው ነገሩ ትዝ አለኝና የልክ ደብተሮቹን አወረድኩ። ቀጮ ብሎ ያንተን ልክ በጻፈበት ገጽ፣ ከሱሪህ ሥር፣ ስድስት ስድስት አሃዝ ያላቸው ስምንት መስመሮች አሉ። አንገት፣ ትከሻ፣ ደረት እያለ ነው የጻፋቸው። አንገትህ 412337! ብቻዬን ሳቅኩ።

ግን ባስገባው የመጀመሪያውን መስመር ራሱ አልቀበልም አለ። ተስፋዬ ቁርጥ አለ። ደብተሩን ይዤ አባባ ፊት ቁጭ አልኩና ልኩ ተሳስቷል አልኩት። ወይ ቁጣ! አርባ ዓመት ስለካ የኖርኩትን ሰውዬ ተሳሳትክ የምትይኝ አንቺ ማን ነሽ፣ እንደ ሁልጊዜው ለስፌት ሁለት ጨምሬ ነው የጻፍኩት አለኝ። ስሜን ቢረሳም ይህን አልረሳም። አንገትህን 412335 አደረግኩት፤ ተቀበለ። ከስምንቱም ሁለት ሁለት ስቀንስ ዲስኩ ተከፈተ። እልልታዬ ጎረቤት ያለውን ፀጉር አስተካካይ ከነምላጩ አስወጣው።

ያን በድሮው ስልክህ የቀረጽከውን ከፈትኩለት፤ እማዬ ከጓዳ ሆና ምሳ ቀርቧል፣ መቀስህን አስቀምጥና እጅህን ታጠብ ብላ የምትጮህበትን። አባባ ማን ናት አላለም። መቀሱን አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ሄደ። እኔም እንባዬን ጠርጌ ምሳ አቀረብኩ። ገበታው ላይ ሲቀመጥ እሷስ አትበላም ወይ አለኝ። በልታለች አልኩት።

አሁን ኮት ልሰፋለት ነው እያለ ነውና አዲሱን ልክህን ላክ፤ ትርፉን ግን ለእሱ ተውለት። አክስታችን ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች። ባለቤትህን እቀፍልኝ፣ ምላሰኛዋንም በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። አባባ ደግሞ ለቀጮ ሰላም በይልኝ ብሏል፤ በራሱ አፍ፣ ማንም ሳያስታውሰው።

እህትህ
ከስፌት ቤቱ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ